የጳጉሜን ጉቶ

የሰዓዳን ሞት የሰማሁት ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ወጥቼ በደጀ ሰላሙ ጃንጥላዬን ስዘረጋ ነው። ስልኬ ጮኸ። የቀድሞው መሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ታደሰ ነበር።

"መምህር፣ ሰዓዳ አረፈች።"

"የትኛዋ ሰዓዳ?" አልሁት። የማውቃት ሰዓዳ አንዲት ብቻ ነበረች።

"የእኛዋ ናታ፣ የግራፏ! ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ነው። ቶሎ ይድረሱ፤ እነሱ እንደሆኑ አያሳድሩም።"

"እሺ" ብዬ ዘጋሁ። ዝናቡ የጳጉሜን ዝናብ ነበረና ሕፃናት ራቁታቸውን እየጮኹ ይጠመቁበታል፤ እናቶችም ከየጣራው ሥር ባልዲ ደቅነዋል። በመካከላቸው አልፌ ቤቴ ገባሁ። እርጥብ ልብሴን ቀየርሁ፤ የቀረበልኝን ምሳ በላሁ። ምን እንደ በላሁ ዛሬ ብጠየቅ አላውቀውም። ወደ ሰፈሯ ወደ አብነት መሄድ እንዳለብኝ ያሰብሁት እጄን ከታጠብሁ በኋላ ነው። ስደርስ ቀብሩ አልቋል።

በብዙ ሰው ቀብር ላይ ፍትሐት ሲደርስ ቆሜአለሁ፤ አልቅሻለሁም። ለሰዓዳ ግን እስከዚህች ሰዓት አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ይህንንም የምጽፈው ሐዘኔን ፈልጌ ስላጣሁት ነው። እጄ ሲጽፍ ምናልባት ያገኘው እንደሆነ ብዬ።

እኔ በልጅነቴ ዜማ ተምሬ፣ ቅኔውን ጀምሬ፣ በመጨረሻ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለት የዘመንን የአጽዋማትንና የበዓላትን አቈጣጠር፣ ከአንድ ታላቅ መምህር እግር ሥር የተማርሁ ሰው ነኝ። ኋላ ኑሮ ወደ ቢሮ ወሰደኝ። ልደታ ውስጥ፣ ከአዳዲሶቹ ፎቆች በአንዱ ሦስተኛ ደርብ ላይ የሚገኝ የበጎ አድራጎት ድርጅት መዝገብ ቤት ተቀጠርሁ፤ የአማርኛውን ሪፖርትም አርም ነበር። ድርጅቱ በገጠር ወረዳዎች አምቡላንሶች ያሠማራል። ምጥ የያዛት እናት ቤተሰብ ይደውላል፤ መኪናው ይሄዳል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳታል። ሥራው ይኸው ነው። የተደወለውንና የተሄደውን ሁሉ የምትከታተለው ደግሞ የመረጃ ባለሙያዋ ሰዓዳ ነበረች።

አባቷ ከወሎ መጥቶ አብነት ላይ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። እሷም እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ አርባን አልፋ ነበር ያገኘኋት። ከሥራ በፊት የሻሿን ሁለት ጫፍ ወደ ኋላ ወስዳ ማጅራቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስረዋለች። ሻሹ ሲታሰር ያየ ሰው ወሬ ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ አይጠጋም። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የቆሙትን የግራፍ ዓምዶች ደግሞ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ስንዝር እያወጣች ትለካቸው ነበር። ማሽኑ ቁጥሩን ጽፎላት ሳለ ለምን እንደምትለካ ብጠይቃት፣ "አባቴ ደንበኛው ቁጥሩን ቢነግረውም ሳይለካ አይቆርጥም ነበር የኔታ" አለችኝ። ሌላው ሰው መምህር ሲለኝ እሷ ብቻ የኔታ ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር፤ በኋላ ለምዶባት ቀረ።

በየማለዳው ከወረዳዎቹ የሚመጣው የጥሪ መዝገብ ዳሽቦርድ በሚሉት ትልቅ መስኮት ላይ ይወጣል። በየወሩ አንድ ዓምድ አለ፤ አምቡላንስ የደረሰለት ጥሪ አረንጓዴ ነው፤ ያልደረሰለት ቀይ። በማውሱ ቀስት ዓምዱን ስትነካው የየትኛው ወረዳ፣ የየትኛው ቀን እንደሆነ ይነግርሃል። አዲስ ጥሪ ሲመጣ ዓምዱ ያድጋል። ነገር ግን የድርጅቱ ቦርድ አባላት ወደ ዳሽቦርዱ አይመጡም። ስብሰባ አዳራሽ ተቀምጠው በፕሮጀክተር ስላይድ ያያሉ። ስለዚህ ግራፉ ከዳሽቦርዱ ተገልብጦ ወደ ስላይዱ መሄድ ነበረበት፤ ሲሄድም ሥዕል ብቻ ይሆናል። አያድግም፤ ቢነኩትም አይመልስም።

"ግራፍ ሲሰደድ አገሩን ይዞ አይሄድም" ትል ነበር ሰዓዳ፤ "ስለዚህ መታወቂያ እንስጠው።"

መታወቂያ የምትለው ከስላይዱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የምትጽፈውን አንድ መስመር ነው። ግራፉ ከየትኛው መስኮት እንደተወሰደ፣ በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኞቹ ወረዳዎች ተመርጠው እንደነበር፣ በመጨረሻም ያመጣው ማን እንደሆነ። ባልደረቦቿ ሁሉ ይህን ሲያዩ ይስቁባት ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ብራና ጸሐፊዎችም መጽሐፉን ሲፈጽሙ ስማቸውን ጽፈው፣ አንባቢው ለጸሐፊው እንዲለምንለት አደራ እንደሚሉ ነገርኋት።

"ታዲያ እኔም 'ለሰዓዳ ዱዓ አድርጉላት' ልበልበት እንዴ የኔታ?"

"ስላይድ ላይስ ይቅርብሽ።"

"ኧረ ቦርዱ ነው ዱዓ የሚያስፈልገው!"

አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍስሐ ስብሰባ ደርሶበት፣ ሰዓዳም ወጣ ብላ ስለነበር፣ የዳሽቦርዱን መስኮት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ስላይዱ ላይ ለጠፈው። አዳራሹ ውስጥ ግራፉ በግድግዳው ላይ ሲዘረጋ አንዲት የቦርድ አባል መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ "ይቅርታ፣ መስከረም ላይ የቆሙት ባለ ጢም ሰውዬ ማን ናቸው?" አሉ። አቶ ፍስሐ ራሱ ነበር፤ በኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ያረፈው ጥላው፣ ከነስልኩ። ሰዓዳ ከኋላ ወንበር ሆና፣ "የአምጪው ፊርማ ነው" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ፍስሐም ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህንን እዚህ ላይ ልናገርለት ይገባኛል።

ከዚያ በኋላ ነው የጳጉሜን ነገር የመጣው።

አንድ ጠዋት ሻሿን ሳታስር መዝገብ ቤት መጣች። "የኔታ፣ ይሄ ሶፍትዌር ጳጉሜን አያውቅም።"

"እንዴት አያውቅም?"

"ፈረንጅ ሠርቶት ነዋ! ለዓመት ዐሥራ ሁለት ቤት ብቻ ነው የሠራለት። የጳጉሜን ጥሪዎች ማደሪያ አጥተው አንዱ ነሐሴ ቤት፣ አንዱ መስከረም ቤት ተጠግቶ ነው የሚያድረው። እርስዎ ባሕረ ሐሳቡን ያስተምሩኝ፤ እኔ ቤት እሠራላታለሁ።"

ሦስት ቀን አብረን ተቀመጥን። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን ስነግራት፣ "ሉቃስ ምርቃት ይጨምራል በሉኛ፤ እንደ አብነት ነጋዴ!" ብላ ጻፈችው። በሦስተኛው ቀን በነሐሴና በመስከረም መካከል ዐሥራ ሦስተኛዋ ዓምድ ብቅ አለች። የአምስት ቀን ጥሪ ብቻ ስለያዘች ከጎረቤቶቿ አጠገብ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ትመስል ነበር። ሰዓዳ ስንዝሯን አወጣች፤ ግማሽ ጣት እንኳ አልሞላችም።

"አጭር ናት" አለች። ጣቷን ግን አላነሣችም። "የኔታ፣ ከእግር እስከ ራሷ ቀይ ናት።"

ምክንያቱን ለማወቅ አልዘገየችም። ሹፌሮቹ ለዘመን መለወጫ ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ። ልማድ ሆኖ ማንም አልጠየቀም፤ ማንም በቦታቸው አልተተካም። በዚያች አምስት ቀን የሚደወለው ስልክ ይነሣል፤ መኪናው ግን ሹፌር የለውም። ሰዓዳ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ይህችን ዓምድ አሳይታ፣ ለጳጉሜን ተረኛ ሹፌር እንዲመደብ ልትጠይቅ ቆረጠች።

አቶ ፍስሐ ስላይዱን አስቀድሞ አየው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው የስላይድ ቅርጽ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ይይዛል፤ ዐሥራ ሦስተኛዋ ስትገባ የወሮቹ ስም ተደራርቦ አይነበብም ነበር።

"ይቺ ጉቶ ምንድን ናት ሰዓዳ?"

"ጳጉሜን ናት።"

"አበላሸችው እኮ። ነሐሴ ላይ ጨምሪያት።"

"ነሐሴ ላይ ከጨመርኳት ቀዩ አይታይም፤ በነሐሴ አረንጓዴ ይዋጣል። ያን ጊዜ የተረኛውን ነገር በምን አስረዳለሁ?"

"በቃል አስረጂ።" ወደ እኔ ዞረ፤ ሪፖርት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። "መምህር፣ እርስዎ የሊቃውንት ልጅ ነዎት። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር መቍጠር ነውር አለው?"

እኔም፣ "ጳጉሜን በሠላሳ ሠላሳው ወር ላይ የምትታከል ጭማሪ ናት። ከቀደመው ወር ጋር ብትደመር በዓመቱ ሐሳብ ላይ ስሕተት አታመጣም" አልሁ።

ያልሁት እውነት ነበር። ስለ ዘመን ተጠየቅሁ፤ ስለ ዘመን መለስሁ። ስለ ቀዩ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። ከዚያ በላይ ግን ላለመደበቅ ያህል፣ ዕውቀቴ በቢሮ ውስጥ ለአንድ ጊዜ እንኳ ስለ ተፈለገ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰዓዳ ሻሿን ፈታችው። "እሺ የኔታ። እርስዎ ካሉ።"

በስብሰባው ላይ ነሐሴ ከወትሮው በጥቂት ከፍ ብላ፣ ጫፏ ላይ እንደ ጥለት ክር የቀጠነ ቀይ አድርጋ ቆመች። ሰዓዳ ከግርጌ "ጳጉሜን በነሐሴ ውስጥ ትገኛለች" ብላ ጽፋ ነበር፤ ማንም አላነበበውም። ስለ ተረኛ ሹፌር በቃል ስትናገር አንድ አባል ወደ ግድግዳው እያዩ፣ "ችግሩ የቱ ጋ ነው? ሁሉም አረንጓዴ ነው እኮ" አሉ። ወደሚቀጥለው ስላይድ ታለፈ።

ዓመቱ ዞረ። መስከረም ገብቶ ወደ ሥራ በተመለስን በሁለተኛው ቀን ሰዓዳ አንድ ወረቀት ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። የአንድ ወረዳ የስልክ ጥሪ መዝገብ ነበር። ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ እንደ ተራ ደብዳቤ አነበበችልኝ።

"ጳጉሜን ሁለት ጠዋት። ባል ደወለ፤ ሚስቴን ምጥ ያዛት አለ። መልስ፣ ሹፌር የለም። ጳጉሜን ሁለት ከሰዓት፣ ያው ሰው። ሹፌር የለም። ጳጉሜን ሦስት፣ ያው ሰው፣ ሁለት ጊዜ። ሹፌር የለም። ጳጉሜን አራት ጠዋት፣ ያው ሰው። ተዉት፣ ከእንግዲህ መኪና አያስፈልግም አለ።"

ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው።

"የኔታ፣ ነሐሴ ላይ ልጨምራት?"

ፋይሎች በየቍጥራቸው እየደረደርሁ ነበር፤ መደርደሬን ቀጠልሁ። ምን እንደ ተሰማህ ታስታውሳለህ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ የማስታውሰው የፋይሎቹን ቍጥር ነው።

በዚያ ዓመት ለስብሰባው ያዘጋጀችው ስላይድ እንዲህ ነበር። በአንድ ሰፊ ነጭ ገጽ መካከል አንዲት አጭር ቀይ ዓምድ፤ ሌላ ምንም የለም። ከግርጌ መታወቂያው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ወረዳው ሁሉ አለ። "ያመጣችው፣ ሰዓዳ" ይላል። ቀጥሎም ከዚያ በፊት ጽፋው የማታውቀው አንድ ቃል ታከለ፤ "ያረመው"። ከፊቱ ባዶ ነበር።

አቶ ፍስሐ ቢሮው ጠርቶን በሩን ዘጋ።

"ይህን ቦርዱ ፊት ካወጣሽው ዓመቱን ሙሉ ተኝተን ነበር ማለት ነው። የሥራ ውልሽ በዚህ ወር እንደሚያበቃ ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ አቶ ፍስሐ።"

"ልጆች አሉሽ።"

"አሉኝ።"

"አምስት ቀን ናት እኮ ሰዓዳ! ለአምስት ቀን ብለሽ?"

"ምጥ ስንት ቀን ነው አቶ ፍስሐ?"

በመስኮቱ ከታች የታክሲ ረዳቶች "አብነት! ጠመንጃ ያዥ!" እያሉ ሲጮኹ ይሰማ ነበር። ሰዓዳ ወደ እኔ ዞራ የታተመውን ገጽ ዘረጋችልኝ።

"የኔታ፣ ይፈርሙልኛል?"

ብዙ መጻሕፍት ገልብጫለሁ፤ ብዙ ሪፖርት አርሜአለሁ፤ በአንዱም ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ራስን መሰወር ነበርና። ያን ቀን ግን ስሜን ጻፍሁ። ከሥሩም፣ "ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትደመር ያልሁት በዘመን ልክ ቢሆንም በሰው ልክ አልነበረም" የሚል ጨመርሁ። ሰዓዳ አነበበችው። ወስዳ ቃል በቃል ስላይዱ ላይ ጻፈችው። አቶ ፍስሐም ለማገድ አንድ ቃል ቢበቃውም መስኮቱን ብቻ ያይ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ነጩ ገጽ ግድግዳው ላይ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ባለ ጢሙን ሰውዬ ያዩት ሴት፣ "የቀሩት ወሮች የት ሄዱ?" ብለው ጠየቁ።

"እነሱን በየዓመቱ አይተናቸዋል" አለች ሰዓዳ። ቀጥላም የጥሪውን መዝገብ ለእኔ እንዳነበበችልኝ አድርጋ አነበበች። "ተዉት" የሚለው ላይ ስትደርስ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ ይሰማ ነበር።

በቦርዱ ውሳኔ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየወረዳው ለጳጉሜን ተረኛ ሹፌር ይመደባል። የሰዓዳ ውል ለስድስት ወር ታደሰ፤ ከስድስት ወሩ በኋላ አልታደሰም። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያት ሌላ ነበር። እኔም የሰማሁት የሻይ ብርጭቆዋንና የአባቷን ሜትር በፌስታል ይዛ በመዝገብ ቤቱ በር ስታልፍ ነው።

"የኔታ፣ ግራፎቹን አደራ። መታወቂያ ሳይዙ እንዳይወጡ።"

"እሺ" አልኋት።

አብነት ላይ፣ ከአባቷ ሱቅ ጎን፣ የጽሕፈትና የኅትመት ሥራ ጀመረች። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋት። መታመሟን ስሰማ እሄዳለሁ አልሁ፤ ከልደታ አብነት በእግር የሚደረስ መንገድ ነው። አልሄድሁም።

በሞተችበት ዕለት፣ ለቅሶው ቤት ድንኳኑ ከመንገዱ ዳር ተተክሎ፣ ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። ወንዶቹ መካከል የፕላስቲክ ወንበር ሰጡኝ። አንድ ሽማግሌ ዱዓ ሲያደርጉ ሁሉም እጁን ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ፤ በልቤም የማውቀውን የራሴን ጸሎት አደረስሁ። ወንድሟን "አላህ ይዘንላት" ብዬ አጽናናሁት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ፍስሐ ገባ። ጠጕሩ ነጥቷል፤ እስከ ዛሬም እዚያው ድርጅት ነው። በፌስታል የተጠቀለለ የፎቶ ክፈፍ አውጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"መምህር፣ ከቢሮው ያዘጋጀነው የሐዘን መግለጫ ነው። ለቤተሰቡ ከመስጠቴ በፊት እስቲ እንደ ድሮው ዐይንዎን ያሳርፉበት።"

በስላይድ ተሠርቶ የታተመ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች። ከሥሩ፣ "ነሐሴ 30 ቀን ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች" ይላል።

"ቀኑ ልክ አይደለም አቶ ፍስሐ።"

"አውቃለሁ። ልጆቹ ሲሠሩት የወሩ መምረጫ ከዐሥራ ሁለቱ ሌላ የለውም፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አደረጉት። እንግዲህ ለሦስት ቀን ብለን..."

አልጨረሰውም። እኔም ወደ ፎቶግራፉ አየሁ። እሱም አየ። ዱዓው አልቆ ሰዎች በዝግታ ማውራት ጀምረው ነበር።

ወረቀቱን ከክፈፉ አወጣና ከደረት ኪሱ ብዕር ሰጠኝ። ነሐሴ 30 የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ከበላዩ በቁም ጽሕፈት ጳጉሜን 3 አልሁ። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል "ያረመው" ብዬ ስሜን ጻፍሁ። "ያመጣው" ብዬም ጽፌ ብዕሩን መለስሁለት። ፈረመ።

"አቶ ፍስሐ፣ የዛሬው ተረኛ ሹፌር ማነው?" አልሁት።

ለምን እንደጠየቅሁት አልጠየቀኝም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ዝናቡ ስለሚጮኽ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ በመካከላችን ያዘው። ብዙ ጊዜ ጠራ። አጠገባችን የተቀመጡት ዞር ብለው አዩን። በመጨረሻ የአንድ ወጣት ድምፅ መጣ።

"አቤት ጋሼ?"

"የት ነህ?"

"መኪናው ውስጥ ነኛ! ቁልፉም እዚሁ እጄ ላይ ነው። ምነው፣ ጥሪ አለ እንዴ?"

"የለም" አለው አቶ ፍስሐ። "አለህ ወይ ለማለት ነው።"

"አለሁ" አለ ልጁ።